ለባስክ ባሕር 900 ዩሮ ይበቃል፣ አልጋው ቢልባኦ ከሆነ

«ሰላም እህቴ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት በቤተሰብ መጥታለች፣ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጓደኛዬ ከሳን ሴባስቲያን፣ ሰሜን ስፔን ካለችው የባስኮች ከተማ፣ ፎቶ ከላከችልን ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ፈቃዴ ኦገስት ላይ ነው። ሆቴል ስንፈልግ ግን ለአንድ ሌሊት 200 ዩሮ ምናምን ይላል። ከአውሮፕላን ቲኬት ውጪ ለሁለታችን ያለን 900 ዩሮ ነው፣ ለስድስት ሌሊት። ሁለታችንም ዋና አንችልም፣ አሳማ አንበላም፣ ኦገስት ደግሞ ፍልሰታ ነው። ይሳካል ወይስ ይቅርብን?»
ባሕር የናፈቃት፣ ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ አይቅርባችሁ። ይሳካል። ግን ሁለት ነገር ቀይሩ፣ ወሩንና የምታድሩበትን ከተማ። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ ሌላው በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። ካልተስተካከሉ ደግሞ ምግብ ላይ የምትቆጥቧት አምስት ዩሮ የትም አታደርሳችሁም።

መጀመሪያ ወሩ። ኦገስት ስፔን በሙሉ ለእረፍት የሚወጣበት ወር ነው፣ ደቡቡ በሙቀት ሲነድ ደግሞ ሰው ወደ ሰሜኑ ይጎርፋል። በዚያ ላይ ሳን ሴባስቲያን ኦገስት 15 አካባቢ ሳምንቱን ሙሉ ትልቅ በዓል አላት፣ እዚያው ባስክ ምድር ያለችው ቢልባኦ ደግሞ ከ15 በኋላ ካለው ቅዳሜ ጀምራ ዘጠኝ ቀን ታከብራለች። ሙዚቃው፣ ርችቱ፣ ጭፈራው ደስ ይላል፣ አልጋ ግን በእሳት ዋጋ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በዚያው ሰሞን ነበር፣ ቦታ ሳልይዝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሻንጣ እየጎተትኩ አምስት በር አንኳኳሁ፣ አምስቱም «ሞልቷል» አሉኝ። ስድስተኛው ቤት መስኮት ለሌላት ክፍል 140 ዩሮ ጠየቀኝና ምርጫ ስላልነበረኝ ከፈልኩ። የሦስት ቀን የምግብ ገንዘቤ በአንድ ሌሊት ሄደ። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው። ስለዚህ ጾሙና የዋጋው ጣሪያ አንድ ላይ ነው የሚመጡብሽ። ወደ ሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት አዙሪው። ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል፣ አልጋ ይረክሳል፣ ባሕሩ ግን በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ከጁን ይልቅ ለብ ይላል። ወሩ መጨረሻ አካባቢ ሳን ሴባስቲያን የፊልም ፌስቲቫል አላት፣ ያኔ እንደገና ዋጋ ይሰቀላል፣ ከዚያ በፊት ተመለሱ። ሥራ ቦታሽ ላይ ኦገስትን የሚሻሙት ልጆች ያሏቸው ባልደረቦችሽ መሆናቸው አይቀርም። ኦገስትሽን እሰጣለሁ፣ ሴፕቴምበርን ስጡኝ ብትዪ እምቢ የሚልሽ ያለ አይመስለኝም። ዛሬውኑ ተናገሪ። እንቁጣጣሽም እዚያው ይደርስላችኋል።

አሁን ከተማው። ሳን ሴባስቲያን፣ ባስኮቹ በራሳቸው ቋንቋ ዶኖስቲያ የሚሏት፣ ቆንጆ ናት፣ ፎቶው አልዋሸም። ግን ትንሽ ከተማ ናት፣ ፈላጊዋ ብዙ ነው፣ በስፔን አልጋ ከሚወደድባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ቢልባኦ ሰፋ ያለች የድሮ የብረትና የመርከብ ከተማ ናት። ሆስቴሉም ብዙ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቀደም ብላችሁ ከያዛችሁ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ በ30 እና በ45 ዩሮ መካከል ታገኛላችሁ። ሁለት ስለሆናችሁ ግን ሁልጊዜ የፔንሲዮን፣ ማለት የአነስተኛ እንግዳ ማረፊያ፣ ክፍልም አብራችሁ ተመልከቱ፣ አንዳንዴ ለሁለት ሰው 80 ዩሮ ይላል፣ ያ ከሁለት የሆስቴል አልጋ ጋር እኩል ሆኖ በራችሁን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። የድሮው ከተማ ወይም ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ያለ ሰፈር ምረጡ።

«ቢልባኦ ባሕር የላትም እኮ» ትዪኝ ይሆናል። ከተማው መሃል የለም፣ ወንዝ ነው ያለው። ግን ሜትሮው ባሕር ድረስ ይሄዳል! እኔ ይህን ሳውቅ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። ባሪክ የሚባል ካርድ አለ፣ ካርዱ ራሱ 3 ዩሮ ነው፣ ስም የሌለበትን ከገዛችሁ አንዱን ለሁለታችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ብር ትሞላላችሁ፣ ለአንቺ አንዴ፣ ለእሷ አንዴ ታስነኩታላችሁ። ርቀቱ ከተማው ዳር ድረስ ቢሆንም የአንድ ጉዞ ሂሳብ 2 ዩሮ አካባቢ ነው።

አንደኛውን መስመር ያዙና መጨረሻው ድረስ ሂዱ፣ ፕሌንትሲያ ይባላል፣ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ የወንዙን ድልድይ ስትሻገሩ ጀልባዎች ታስረው ታያላችሁ፣ ከዚያ ወንዙን ይዛችሁ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር። ባሕሩ በኮረብታ ታቅፎ የተቀመጠ ክብ ነው፣ ማዕበሉ ኃይሉ ተሰብሮ ነው የሚገባው። አሸዋው ቀስ እያለ ነው ወደ ውስጥ የሚወርደው፣ ሃምሳ እርምጃ ገብታችሁ ውሃው ወገባችሁ ላይ ላይደርስ ይችላል። ዋና ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እህትሽን መጀመሪያ የምትወስጃት እዚህ ነው፣ ሳን ሴባስቲያን ሳይሆን። እዚያው አጠገቡ ጎርሊስ የሚባለው ዳርቻ ይቀጥላል፣ አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው።

ሶፔላም በዚሁ መስመር ላይ ናት፣ ከፕሌንትሲያ ትቀርባለች። ገደሉ ያምራል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በተለይ። ግን እዚያ የሰርፍ ሰዎች፣ በሰሌዳ ማዕበል የሚጋልቡት፣ ባሕር ነው፣ ማዕበሉ ይጎትታል። ከላይ ሆናችሁ እዩት፣ እግራችሁን አስነኩት፣ ከጉልበት በላይ አትግቡ። ሌላም ልንገርሽ፣ ድንገት እንዳትደነግጪ። በዚህ አገር ሴቶች ደረታቸውን ሳይሸፍኑ ፀሐይ መሞቅ የተለመደ ነው፣ ሶፔላ አጠገብ ባሪናቸ በሚባለው ዳርቻ ደግሞ ጨርሶ ልብስ የማይለብሱም አሉ። ማንም ማንንም አያይም፣ ማንም አይናገርም። አንቺም ሙሉ ልብስ ለብሰሽ ብትቀመጪ እንደዚያው ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

ስለ ባሕሩ ሁለት ነገር ሳልል አላልፍም፣ ምክንያቱም ዋና አትችሉም። አንደኛ ባንዲራውን እዩ። አረንጓዴ ግቡ፣ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ በጭራሽ። ቢጫ ሲሆን እናንተ እንደ ቀይ ቁጠሩት። የነፍስ አድን ሠራተኞች በሚቆሙበት አካባቢ ብቻ ሁኑ፣ ሰዓታቸው ሲያልቅ እናንተም ውጡ። ሁለተኛ፣ ይህ አትላንቲክ ነው፣ እንደ ሜዲትራኒያን ባለበት የሚቆይ አይደለም። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፣ ልዩነቱ አንዳንድ ቀን ከአራት ሜትር ያልፋል። ጠዋት ሰፊ ሜዳ የነበረው አሸዋ ከሰዓት በኋላ ቀጭን መቀነት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቦርሳና ጫማችሁን ውሃው ዳር ትታችሁ እንዳትሄዱ። የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ጠዋት ስልካችሁ ላይ እዩ፣ እየጎደለ ባለበት ሰዓት ድረሱ፣ አሸዋው ሁሉ የእናንተ ይሆናል።

ሳን ሴባስቲያንን አንድ ቀን ሙሉ ስጧት። ከቢልባኦ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ ቲኬቱ እንደ ሰዓቱ ከ7 እስከ 15 ዩሮ። ኤውስኮትሬን የሚባለው ባቡርም አለ፣ በሸለቆው በትናንሽ ከተሞች እየዞረ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መልክዓ ምድሩን ለማየት ጥሩ ነው፣ ለደርሶ መልስ ግን አንድ ቀን አይበቃም። በማለዳ አውቶቡስ ሂዱ፣ ማታ ተመለሱ። ላ ኮንቻ ያ በፎቶ ያያችሁት ነው፣ ከፊቱ ሳንታ ክላራ የምትባል ደሴት ስለምትከልለው ውሃው ረጋ ያለ ነው፣ መግባት ይቻላል። ሱሪዮላ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው፣ የሰርፍ ነው፣ እዚያ ተቀምጣችሁ ሌሎቹን ተመልከቱ። ኡርጉል ተራራ ላይ መውጣት በነጻ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ከላይ ከተማው በሙሉ እግራችሁ ስር ነው።

ግን ከሁሉ በላይ እንዳያመልጣችሁ የምፈልገው ባሕረ ሰላጤው በምዕራብ በኩል የሚያልቅበትን ጫፍ ነው። ኤድዋርዶ ቺሊዳ የሚባል የከተማው ልጅ ቀራፂ በ1970ዎቹ እንደ ጥፍር የታጠፉ ሦስት ትልልቅ ብረቶች ዓለቱ ላይ ተክሏል፣ «የነፋሱ ማበጠሪያ» ይሉታል። ወለሉ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። ማዕበሉ ከስር ሲገባ ቀዳዳዎቹ እንደ ትልቅ እንስሳ ይተነፍሳሉ፣ ኃይለኛ ሲሆን ውሃው ሽቅብ ይፈናጠራል። እኔ ያየሁት ቀን አንዲት ሕፃን ቀዳዳው ላይ እጇን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር፣ አየሩ ፍፍፍ ሲል ፀጉሯ ሁሉ ወደ ላይ ተነሳ፣ ደግማ ደግማ ነው የቆመችበት። የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ በር የለውም፣ ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው። ከቻላችሁ ደግሞ ጉዟችሁን ከሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሁለት እሑዶች በአንዱ አድርጉት። ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ላ ኮንቻ ላይ ይካሄዳል፣ የየመንደሩ ሰው የቡድኑን ቀለም ለብሶ ዳርቻውን ይሞላዋል። በነጻ ነው የሚታየው። ሰው ስለሚበዛ የመመለሻ ቲኬታችሁን ግን ቀድማችሁ ቁረጡ።

ቢልባኦ ውስጥ ጉገንሃይም ሙዚየም አለ፣ በ1997 የተከፈተው፣ ያ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቀው ሕንፃ። መግቢያው ከ20 ዩሮ አያልፍም፣ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ካልማረካችሁ ግን ግቡ አልልም። የሚበዛው ውበቱ ውጪ ነው። በአበባ የተሠራው ግዙፍ ውሻ፣ ዘጠኝ ሜትር የሚያህለው የብረት ሸረሪት፣ የወንዙ ዳር፣ ሁሉም በነጻ ነው። ያን ገንዘብ ይዛችሁ ይልቅ ወደ ጌቾ ሂዱና የቢስካያን ድልድይ ተሻገሩ። በ1893 የተሠራ ነው፣ ዩኔስኮ በ2006 መዝግቦታል። የመርከብ መተላለፊያ እንዳይዘጋ ብለው መንገድ አልዘረጉበትም። ከላይ ከብረቱ በገመድ የተንጠለጠለ ክፍል ነው መኪናውንም ሰውንም ይዞ ውሃው ላይ ከዳር ዳር የሚወስደው። ለእግረኛ 1 ዩሮ አይሞላም። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ እየበረርሽ ይመስልሻል።

ወደ ምግቡ ልምጣ፣ አሳማ ስለማትበሉ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ባስኮች መጠጥ ቤት ባንኮኒ ላይ የሚደረድሯት በትንሽ ዳቦ ላይ የተቀመጠች ወይም በእንጨት የተሰካች ቁራሽ ፒንቾ ትባላለች። አንዷ ከ2 ተኩል እስከ 4 ዩሮ ነው። ብዙዎቹ ላይ ሀሞን አለ፣ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው፣ በስስ ተቆርጦ የማይጠበቅበት ቦታ ላይ ሁሉ ይቀመጣል። ቾሪሶ እና ቺስቶራም አሳማ ናቸው። «ሲን ሴርዶ» በሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው፣ ካልገባቸው «ኖ ሀሞን» ብላችሁ በጣት አሳዩ፣ አይቆጡም። የምመክራችሁ ሂልዳ የምትባለዋን ነው፣ ወይራ፣ ረዘም ያለች ኮምጣጣ ቃሪያና የጨው ዓሣ በአንድ እንጨት ላይ ተሰክተው። አንድ ጊዜ ነው አፍሽ ውስጥ የምትከቻት፣ ጨው፣ ኮምጣጤና ቃጠሎ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ለእኛ ሰው የምትስማማ ምግብ ናት። ቶርቲያ፣ የእንቁላልና የድንች ቂጣው ማለት ነው፣ ሆድ ይይዛል።

ረቡዕና ዓርብ እንዴት እሆናለሁ ካልሽ፣ የጌርኒካ ቃሪያ አለ፣ አረንጓዴ፣ የማያቃጥል፣ በዘይት ተጠብሶ ጨው ተነስንሶበት ይቀርባል። ዳቦ በቲማቲምና በዘይት፣ ወይራ፣ የተጠበሰ እንጉዳይ አለ፣ እንጉዳዩ ላይ ሀሞን እንዳይከቱበት ብቻ ጠይቁ። ባቄላና ቦሎቄ ወጥ ስታዩ ግን ቸኩላችሁ አትዘዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ አብሮት ይቀቀላል።

ከባንኮኒ ሲበላ ትልቅ ሳህን ይዞ መሙላት የለም፣ እሱ ነው ሂሳቡን 40 ዩሮ የሚያደርሰው። አንድ ቤት አንድ ፒንቾ፣ አንድ መጠጥ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ቤት። የአገሩ ሰውም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ሐሙስ ማታ ሳን ሴባስቲያን ውስጥ ግሮስ በሚባለው ሰፈር መጠጥና ፒንቾ አንድ ላይ በቅናሽ የሚሰጡበት ልማድ አለ፣ ፒንቾ-ፖቴ ይሉታል። ዋናው ምግባችሁ ምሳ ይሁን። በሥራ ቀን «ሜኑ ዴል ዲያ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለት ዓይነት ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥና ጣፋጭ አንድ ላይ በ14 እና በ18 ዩሮ መካከል ነው። አንድ ቀን ይህን ብሉ፣ በማግስቱ ኤሮስኪ ከሚባለው ሱፐርማርኬት ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የባስክ የበግ አይብ ገዝታችሁ አሸዋው ላይ። ማኪያቶ ከለመድሽ ኮርታዶ በይ።

አንድ ግማሽ ቀን ለጌርኒካ እንድትሰጡ እለምንሻለሁ። ከቢልባኦ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ሰኞ ነበር፣ የገበያ ቀን። የሂትለር አውሮፕላኖች፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች፣ ከተማዋን አነደዷት። በእኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ማለት ነው። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ታውቂያለሽ፣ ዓመቱ ያው 1929 ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው። በእኛ ላይ ቦምብና መርዝ ያዘነበው ያ መንግሥት ነው እዚህም ላይ የመጣው። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የሄድኩት፣ የሰላም ሙዚየሙ ውስጥ የአውሮፕላኖቹን አገር ሳነብ እግሬ ቆመ። ባስኮች ለዘመናት ሸንጎ የተቀመጡበት የባሉጥ (ኦክ) ዛፍ ዘር አሁንም እዚያው ተተክሎ ይታያል፣ የሸንጎው ቤት መግቢያ በነጻ ነው።

ስለ ወረቀት ደግሞ በግልጽ ልናገር። ጀርመን የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሌላ የሸንገን አገር ለመሄድ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ሁለታችሁም ትችላላችሁ። ግን አውስቫይሱ፣ የመኖሪያ ካርዱ፣ ብቻውን አይበቃም፣ ፓስፖርታችሁን አብራችሁ ያዙ፣ ሁለቱም ጊዜው ያላለፈ ይሁን። ይህን የሚያነቡ ጌሽታቱንግ (ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ወረቀት) ወይም ዱልዱንግ (መመለሳቸው ለጊዜው የታገደላቸው ሰዎች ወረቀት) ያላቸው ወገኖች ግን አትሞክሩት፣ ወረቀቱ ከጀርመን ውጪ አይሠራም። ከሳን ሴባስቲያን ቶፖ የሚባለው ባቡር ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ውስጥ ፈረንሳይ፣ አንዳይ ድረስ ይወስዳችኋል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያህል ጠፍጣፋ አሸዋ አላት፣ ቆንጆ ናት። ከሄዳችሁ ሰነዱን ሆቴል እንዳትተዉት። የፈረንሳይ ፖሊስ ድንበሩ ላይ ይፈትሻል፣ ቀድሞ የሚያስቆመውም ጥቁሩን ሰው ነው። እኔ ባቡሩ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ብቻዬን ተጠይቄያለሁ። ድንበሩ ላይ ያለው ወንዝ ቢዳሶዋ ይባላል፣ ከ2021 ጀምሮ ሊሻገሩት ሲሞክሩ የሰጠሙ አፍሪካውያን ወጣቶች አሉ። ድልድዩን ሳልፍ እነሱን ሳላስብ አላልፍም።

ሂሳቡን አብረን እናስላው። አልጋ ለሁለት 80 ዩሮ በስድስት ሌሊት 480። ምግብ ለሁለት በቀን 40 ብትይ 240፣ ሱፐርማርኬቱን ከተጠቀማችሁበት ከዚያ ያንሳል። የአየር ማረፊያው አውቶቡስ፣ ሜትሮው፣ ሳን ሴባስቲያን ደርሶ መልስ፣ ጌርኒካ፣ ሁሉም ተደምሮ ለሁለት 90 አካባቢ። 810 ሆነ። የቀረውን 90 አትንኩት፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ቲኬት ስትፈልጊ ቢልባኦን ብቻ አትዪ፣ ሳንታንዴርና ቢያሪትስም የሚያርፉ ርካሽ በረራዎች አሏቸው፣ ከሁለቱም ቢልባኦ በአውቶቡስ ይደረሳል፣ የአውቶቡሱን ዋጋ ደምረሽ አወዳድሪ። አልጋውን ደግሞ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለውን ያዢ።

የዝናብ ጃኬት አትርሱ። እዚያ ሲሪሚሪ የሚሉት ካፊያ አለ፣ ልክ እንደኛው ካፊያ፣ ሳይታወቅ ያበሰብሳል። ሰው ስታገኙ «ካይሾ» በሉ፣ ሰላም ማለት ነው፣ ስትወጡ «እስኬሪክ አስኮ»፣ አመሰግናለሁ። የባስኮቹ ቋንቋ ኤውስካራ ከየትኛውም የዓለም ቋንቋ ጋር ዘመድነቱ ያልተገኘ ቋንቋ ነው፣ አንዲት ቃል ስትናገሪላቸው ፊታቸው ሲበራ ታያለሽ። ጠዋት ፕሌንትሲያ ስትደርሱ ደግሞ ጫማችሁን ድልድዩ ላይ አታውልቁ፣ አሸዋው ጋ ስትደርሱ ነው። ስትመለሱ ጻፊልኝ፣ በተለይ ውሃው መጀመሪያ ሲነካት እህትሽ ምን እንዳለች።